ብሎን ሳይተርፍ

ጥር 8 ቀን

ወንድምዬ፣

ጤናህን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ በመግባቴ ይቅርታ አድርግልኝ፤ ዛሬ የምጠይቅበት ልብ የለኝም። «የአባባ የመጀመሪያ ቃል ምን ነበር? ሳታስቀሪ ጻፊልኝ» ብለሃል። ቃል የለም። የላክኸው ኮምፒውተር አልበራም።

ማክሰኞ ከፋርማሲው ፈቃድ ወስጄ ከጠዋት ጀምሮ ስገጣጥም ዋልኩ። ጠረጴዛውን አባባ እንዲያዩት ብዬ ከአልጋቸው አጠገብ አስጠጋሁ፤ በሣልክልኝ ሥዕል መሠረት፣ ቁጥር አንድ፣ ቁጥር ሁለት እያልኩ ሄድኩ። ገመዶቹን ያሰርክበትን ቋጠሮ ስፈታ ጥፍሬ ተሰበረ፤ ምን ይዞህ ነው እንዲህ የምታጠብቀው? አባባ ዓይናቸውን ከእጄ ላይ አልነቀሉም። እማዬ ሻሿን ለውጣ፣ ወንበሯን ስባ፣ እንግዳ እንደሚጠብቅ ሰው እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ጨረስኩ። ካርቶኑ ውስጥ አንዲት ብሎን እንኳ አልተረፈችም፤ የማን ልጅ ነኝ?

ከዚያ ከበር ደወል የሠራሃትን ቀይዋን ቁልፍ በአባባ ጣት ሥር አድርጌ ማብሪያውን ተጫንኩ። ማራገቢያው አንዴ ነቅነቅ አለና ቀጥ አለ። ደግሜ ስጫነው ያንንም አላደረገም። እማዬ ኮምፒውተሩን አየች፣ እኔን አየች፣ «ድምፃቸው የታለ?» አለችኝ። አንድ ገመድ ረስቻለሁ ብዬ ዋሸኋት።

ዲስኩ ውስጥ ያለው ድምፅ እኮ የእሳቸው ነው። ጉሮሯቸው በቀዶ ጥገና ሊከፈት፣ ድምፃቸው ሊሄድ ሳምንት ሲቀረው፣ «የሐኪም ትእዛዝ ነው» ብዬ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ከሀ እስከ ፐ ፊደል አስቆጠርኳቸው፤ አንተ ደግሞ ያንን ፊደል በፊደል ቆራርጠህ አስቀመጥከው። ፊደሎቹ ስክሪኑ ላይ ሲያልፉ የፈለጉት ላይ ሲደርሱ ቁልፏን ይጫናሉ፣ ኮምፒውተሩ በገዛ ድምፃቸው ይናገርላቸዋል ብለኸኛል። እኔም ለእማዬ ነገርኳት። ከዚያ ወዲህ ሌላ ወሬ አትሰማም።

ጊዜ የለንም። ስትሮኩ ከጣላቸው ወዲህ ከአንገታቸው በታች የምትታዘዛቸው አንዲት የቀኝ ሌባ ጣት ናት። ፊዚዮቴራፒስቷ ትናንት ጣቷን ይዛ ስታጥፍ ስትዘረጋ ቆይታ፣ በር ድረስ ሸኚኝ አለችኝና «ይህችም ወሩን የምትጨርስ አይመስለኝም» አለች። የፊደል ገበታ በእጄ ይዤ እየጠቆምኩ ሞክሬ ነበር። ሁለት ፊደል ላይ ሲደርሱ ደክሟቸው እንባቸው መጣ፤ እማዬ ገበታውን ነጥቃኝ ቀዳደደችው። ሊሉት የፈለጉት ነገር አለ፣ ወንድምዬ። ዓይናቸው ላይ ያስታውቃል።

ኮምፒውተሩን ከሆስፒታል የተላከ ነው እንዳልናቸው ነው። ያንተ መሆኑን ካወቁ ቁልፏን የሚነኩ አይመስለኝም። አንድ ነገር ብቻ በግልጽ መልስልኝ፤ ከመላክህ በፊት እዚያ አብርተህ አይተኸዋል?

እህትህ

*

ጥር 11 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽን ያቀበለኝ የካምፑ መኪና ሾፌር ነው። ስጨርስ ፊቴን አይቶ «ሰው ሞተብህ እንዴ?» አለኝ። ገና ነው አልኩት።

እዚህ ድንጋይ መፍጫ ካምፕ ስልክ ቢኖር ይህ ነገር በአንድ ሰዓት ያልቅ ነበር። የካምፑ ሬዲዮ ለድንጋይ ፈጫው ሥራ ብቻ ነው ብለዋል። ስለዚህ የምጽፍልሽን ሁሉ ቀስ ብለሽ አድርጊው፤ አንድ ስሕተት አንድ ሳምንት ይበላናል።

መጀመሪያ ሶኬቱ ላይ የራስጌውን መብራት ሰክተሽ እዪ። ከኮምፒውተሩ ኋላ፣ ዋናው ገመድ ከሚገባበት ጎን አንዲት ማጥፊያ አለች፤ እሷ ቀጥ ያለች መስመር ወደተሳለችበት ጎን መጫኗን እዪ። ቀጥሎ ማዘርቦርዱ፣ ሁሉም ነገር የሚሰካበት ሰፊው ሰሌዳ፣ ሁለት የኃይል ገመድ ይፈልጋል። ሰፊውን ማንም አይረሳውም፤ ትንሿን፣ ከላይ ጥጉ ላይ የምትገባዋን ግን እኔ ራሴ ስንቴ ረስቻታለሁ። ራሟን፣ ቀጭኗን የማስታወሻ ካርድ፣ ነቅለሽ ወርቅማ ጥርሶቿን በላጲስ ጥረጊና «ቀጭ» እስክትል መልሰሽ ጫኛት። ይህ ሁሉ ካልሆነ ከማብሪያው የሚመጡትን ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ንቀይና ባዶ የቀሩትን ሁለት እሾሆች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት አገናኚያቸው። አትፍሪ፣ አይነዝርሽም። ከእነዚህ አንዱ ነው። መሆን አለበት።

ቁም ሣጥኑን ታስታውሻለሽ? አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ብቻዬን ገጥሜ ጨርሼ፣ አንዲት ብሎን መሬት ላይ ተርፋ አባባ አገኟት። ሌሎቹን ብሎኖች እንደ ልማዳቸው በጥርሳቸው ይዘው ስለነበር አልተናገሩም፤ በጣታቸው ብቻ ቁም ሣጥኑን አሳዩኝ። ሙሉውን ፈትቼ ቀዳዳዋን ፈለግኋት። ማጠፊያው ሥር ነበረች። ከዚያ ብሎኖቹን ከአፋቸው አውጥተው፣ «ብሎን ተርፎህ ጨረስኩ አትበል። የተረፈች ብሎን የተደበቀች ቀዳዳ ናት» አሉኝ። ያን ቀን እንኳ አልተቆጡም። የተቆጡት እንደ እርስዎ አናጺ አልሆንም ብዬ ካቻቢቴውን ያስቀመጥኩ ዕለት ነው።

«ካንተ እጅ ሥራ አይወጣም።» ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አልነገሩኝም፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ድምፁ ራሱ ሄደ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የመጨረሻዬ ሆና ቀረች፣ እታለም። አሁን ይኸው የላክሁት ዕቃ አልጋቸው አጠገብ ተገትሮ አልበራም አለ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ የለ።

እባክሽ ጣታቸውን ጠብቂልኝ። በጠዋትና ከሰዓት ማሸቷን አታቋርጪ።

ወንድምሽ

*

ጥር 15 ቀን

ወንድምዬ፣

ያልከኝን ሁሉ አደረግሁ። ሶኬቱ ይሠራል። የኋላ ማጥፊያዋ በርታለች። ትንሿም ገመድ ገብታለች፤ አንተ ትረሳለህ እንጂ እኔ አልረሳም። ራሟን በላጲስ ጠርጌ አራት ጊዜ መለስኳት፣ «ቀጭ» ትላለች፣ ለጉድ። ሁለቱን እሾሆች በካቻቢቴ ስነካቸው እማዬ ጮኸች፤ እኔ የተነዘርኩ መስሏት ነው። ማራገቢያው ያው አንዴ ነቅነቅ ብሎ ቆመ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሆኖብኛል።

ቅዳሜ ዕለት አቅፌ መንገድ ማዶ ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት። ክዳኑን እንኳ ሳይከፍት «ሁለት ሳምንት ተዪው፤ መጀመሪያ ዲስኩን አጥፍተን አዲስ እንጭንበታለን» አለኝ። ዲስኩን አጥፍተን! የአባቴን ድምፅ! ኮምፒውተሩን እንዳቀፍኩ ደረጃውን በሩጫ ወረድኩ። ሰው ሌባ ናት ሳይለኝ አልቀረም።

ሌላ ነገር ደግሞ አለ። ከማክሰኞው ጀምሮ አባባ በጣታቸው አንሶላውን ሦስት ጊዜ ይነካሉ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ያርፉና እንደገና ሦስት። ውሃ? ብንል ዓይናቸውን አይጨፍኑም። ላገላብጥዎት? ብንል አይጨፍኑም። እሺ ለማለት ዓይን መጨፈን ነው የተስማማነው። እማዬ ገብቶኛል አለች፤ ሦስት ቀን ነው የቀራቸው አለች። ቤቱን ከላይ እስከ ታች አጠበች፣ የአባባን ሙሉ ልብስ አውጥታ ተኮሰች፣ ሰው አልሰማ ብላ ማድቤት ገብታ አለቀሰች። ሦስቱ ቀን አለፈ። አራተኛው ቀን ጠዋት አባባ ቁርሳቸውን በልተው አንሶላውን ሦስት ጊዜ ነኩ። እማዬ ሱሪውን አጣጥፋ መለሰችው። ልስቅ ነበር፤ ግን ከሳቁ እንባው ቀደመኝ።

ጣቷ እየደከመች ነው። በፊት «ጠቅ» ሲሉ ይሰማ ነበር። አሁን የሚታይ ብቻ ነው።

ጥያቄዬን ደግሞ ዘለልካት። አራት ጊዜ አነበብኩት ደብዳቤህን፤ የላጲሱን ነገር ሳይቀር ትነግረኛለህ፣ የጠየቅሁህን ግን አንድም ቦታ የለም። አብርተህ አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም?

እህትህ

*

ጥር 18 ቀን

እታለም፣

አላየሁትም።

ማዘርቦርዱ የደረሰኝ መኪናው ሊሄድ ሁለት ሰዓት ሲቀረው ነው። የመጨረሻው ዕቃ እሱ ነበር። ገጥሜ ልየው ብል አንድ ሳምንት ያልፋል፤ ገጥሜ እንዳልከው ደግሞ በዚህ መንገድ ላይ ተንገጫግጮ ይፈርሳል። ስለዚህ ዕቃውን እንዳለ አሰርኩት፣ ሥዕሉን ሣልኩ፣ «ሞክሬዋለሁ» ብዬ በደብዳቤው ጫፍ ጻፍኩ። እዚያች መስመር ላይ ስደርስ እጄ ቆሞ ነበር። ቢሆንም ጻፍኩት። የሞከርኩት ፕሮግራሙን ነው፣ እሱንም በቢሮው ኮምፒውተር፤ ኮምፒውተሩ የአለቃዬ ስለሆነ ደግሞ ሥራዬን እንደጨረስኩ ሁሉንም ከላዩ ላይ አጠፋሁት።

ስለዚህ ሁለተኛውንም ልናዘዝ። ሌላ ቅጂ የለኝም። የቀዳሽበት ስልክሽ ተሰረቀ፣ የኔን አጠፋሁ። ድምፃቸው በዓለም ላይ ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። የትም ሰው ማሽን ላይ እንዳትሰኪው፣ ለጠጋኝም እንዳትሰጪው። ቅጂ ማስቀረት ማንም ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። እኔ ለሌላ ሰው ስሠራ ሦስት አስቀምጣለሁ፤ ለገዛ አባቴ ግን በጥድፊያ አንድ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ የምለቅመውንም አላገኘሁም።

ስደቢኝ። መብትሽ ነው። ከሰደብሽኝ በኋላ ግን ይህን አድርጊ። የኃይል ሳጥኑን፣ ዋናው ገመድ የሚሰካበትን፣ ከሌላው ሁሉ ነቅለሽ ብቻውን አስቀሪው። ከሰፊው ገመድ ጫፍ ላይ አንዲት አረንጓዴ ሽቦ ብቻ ታገኛለሽ፤ ጥቁሮቹ ብዙ ናቸው። የወረቀት ማያያዣ ሽቦ አቃንተሽ አረንጓዴዋንና ከጥቁሮቹ አንዷን አገናኚ፣ ከዚያ ሶኬቱን ሰክተሽ ከኋላ አብሪ። የሳጥኑ ማራገቢያ ከዞረ ሳጥኑ ደህና ነው። ካልዞረ የሞተው እሱ ነው፤ ሌላ እልካለሁ።

አለቃውን ፈቃድ ጠየቅሁት። «አባትህ ታመዋል እንጂ አልሞቱም» አለኝ። ቀኑን ሙሉ የሚያስመዝነኝ ድንጋይ ስለሆነ ልቡም ድንጋይ ሆኗል።

የሦስቱን ነገር ሳስብ ነው የሰነበትኩት። ምን ይመስልሻል?

ወንድምሽ

*

ጥር 22 ቀን

ወንድምዬ፣

ልሰድብህ ተቀምጬ ሁለት ወረቀት ጽፌ ነበር። እማዬ ከመስኮት አየችኝና «ለማን ነው እንዲህ የምታጣድፊው?» አለችኝ። ላንተ ነው ስላት «በሉ አትጣሉብኝ፣ የቀረኝ እናንተ ናችሁ» አለች። ቀደድኩት። ዕወቀው ግን፣ ጥሩ ጥሩ ስድብ ነበር።

የወረቀት ማያያዣውን ከፋርማሲው አመጣሁ። አረንጓዴዋን ከጥቁሯ አገናኝቼ ሳበራው ማራገቢያው ዞረ። ዞረ! እማዬ አጨበጨበች፣ «በራ፣ በራ» እያለች። አልበራም እማዬ፣ ሳጥኑ ብቻውን ነው አልኳት። እጇን ቀስ አድርጋ ጭኗ ላይ መለሰች። ከዚያ ሁሉንም መልሼ ሰካሁና ማብሪያውን ተጫንኩ። የዞረው ማራገቢያ እንደ ልማዱ አንዴ ነቅነቅ ብሎ ሞተ። ሳጥኑ ደህና ከሆነ ታዲያ የታመመው ማን ነው? ሁሉም ለየብቻቸው ደህና ሆነው አንድ ላይ ሲሆኑ የማይሠሩ፣ የኛን ቤት ይመስላል።

ምን ይመስልሻል ላልከው፣ እነግርሃለሁ፤ ሳስበው ስለከረምኩ። አንድ እማዬ። ሁለት እኔ። ሦስት አንተ። ሌላ ሦስት በዚህ ቤት ውስጥ የለም። ሦስተኛዋን ሲነኩ ጣታቸው ትንሽ ትቆያለች፤ ወይ እኔ እንድትቆይ ስለምፈልግ ነው። ፎቶህን ከሳሎን አምጥቼ ፊት ለፊታቸው ሰቀልኩት። አላስወረዱኝም። በፊት ቢሆን ዓይናቸውን ያዞሩ ነበር። አየኸው፣ ወንድምዬ? አንተን እየጠሩ ነው።

ጣታቸው ደህና ናት። እሱን አታስብ።

ግን ቶሎ በል። ምንም አትጠይቀኝ፣ ቶሎ ብቻ በል።

እህትህ

*

ጥር 25 ቀን

እታለም፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ ጀምሮ አንዲት ነገር አፌ ውስጥ እንደ አጥንት ተሰንቅራለች። ልትፋት።

ያሸግኋቸውን ዕቃዎች አንድ በአንድ በሐሳቤ መልሼ ፈታሁ። ሳጥኑ ደህና፣ ገመዱ ደህና፣ ራሙ ደህና። ሁሉም ለየብቻው ደህና ሆኖ አንድ ላይ ሲታሰር የሚሞት ከሆነ፣ የታሰረበትን ማየት ነው አልኩ። የታሰረው በምንድን ነው? በነሐስ ብሎኖቹ። ማዘርቦርዱ የኮምፒውተሩን የቆርቆሮ ቀፎ እንዳይነካ ከፍ አድርገው የሚሸከሙት ትንንሾቹ። እነሱን ያኖርኳቸው ከነፌስታላቸው ነው፤ ፌስታሉ ከቀፎው ጋር የመጣ ነው፣ ለትልቅ ማዘርቦርድ ተብሎ ዘጠኝ ይይዛል። ቆርቆሮውም ዘጠኝ ቀዳዳ አለው። ያንቺ ማዘርቦርድ ግን ትንሽ ነው። ስድስት ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው።

እኔ ሥዕሉ ላይ «የነሐስ ብሎኖቹን እሰሪ» ብዬ ነው የጻፍኩት። ስንት እንደሆኑ አልጻፍኩም። ለሌላ ሰው ቢሆን ግድ የለም፤ ሌላ ሰው ስድስቱን አስሮ ሦስቱን መሳቢያ ውስጥ ይወረውራል። አንቺ ግን ቆርቆሮው ላይ ክፍት ቀዳዳ፣ ፌስታሉ ውስጥ የተረፈ ብሎን አይተሽ አታልፊም። «አንዲት ብሎን እንኳ አልተረፈችም፣ የማን ልጅ ነኝ?» ብለሽ ጽፈሽልኝ ነበር። በኩራት አነበብኩት እኮ! አንድ ጊዜ እንኳ አልጠረጠርኩም፣ ምክንያቱም እኔም ብሆን ዘጠኙንም አስር ነበር።

ሦስቱ ብሎኖች የማዘርቦርዱን ጀርባ እየነኩ ነው። ሲበራ ኃይሉ በእነሱ በኩል ወደ ቆርቆሮው ያመልጣል፤ ሳጥኑ አደጋ ነው ብሎ ራሱን ያጠፋል። ማዘርቦርዱን አንሺና ከላያቸው የማዘርቦርድ ቀዳዳ የማይገጥማቸውን ሦስቱን ብሎኖች ንቀያቸው። ዲስኩን ይህ አይነካውም። ማዘርቦርዱ ራሱ እስካሁን ካልተቃጠለ ይበራል። ከተቃጠለ አላውቅም። ከዚያ ወዲያ የማውቀው የለም።

አሁን አጥንቷን ልትፋት። ሦስት ናቸው ትርፎቹ። አባባ ከአልጋቸው ሆነው ስትሠሪ አይተውሻል። ስድስት ቀዳዳና ዘጠኝ ብሎን ለእሳቸው በአንድ ዓይን የሚቆጠር ነገር ነው። ያን ቀን ማክሰኞ ጀመሩ አላልሽም? ሦስት ቀን አይደለም። እማዬ፣ አንቺና እኔም አይደለንም። «ሦስት ትርፍ ነው» እያሉ ነበር። የጣታቸውን ጉልበት የጨረሱት ስሕተታችንን ሲያርሙ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ!

እኔን እየጠሩ መስሎኝ ሰሞኑን እንደ ሰው ስሄድ ነበር። ፎቶዬን አውርጂው።

ወንድምሽ

*

ጥር 29 ቀን

ወንድምዬ፣

ተቀመጥ። ቆመህ እንዳታነበው።

ደብዳቤህ ሰኞ ፋርማሲው ደረሰኝ። ባንኮኒው ላይ እንደቆምኩ አነበብኩት፣ የአንዲት ሴትዮ መድኃኒት በእጄ እንዳለ። ሴትዮዋን ይቅርታ ሳልጠይቃት ወጣሁ። ቤት ስደርስ የፋርማሲውን ነጭ ጋውን እንኳ አላወለቅሁም።

አባባ እያዩ ከፈትኩት፤ ማዘርቦርዱን አነሳሁ። ስድስቱ ብሎኖች ከቀዳዳ ሥር ቆመዋል፣ ሦስቱ ከምንም ሥር። አንዱን ነቅዬ ዓይናቸው ፊት ያዝኩትና «እነዚህን ነው?» አልኳቸው። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ረዘም አድርገው ነው የጨፈኑት፣ «እግዜር ይመስገን፣ ዛሬ ገባት» እንደሚል ሰው። ሦስቱንም ነቅዬ ትራሳቸው አጠገብ ደረደርኳቸው። መልሼ ገጠምኩ። ተጫንኩ።

ማራገቢያው ዞረ። እንዲቆም ጠበቅሁት፣ አልቆመም። ስክሪኑ በራ። ፊደሎቹም ማለፍ ጀመሩ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። እማዬ «በሉ» አለቻቸው። እኔ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

ዋሽቼህ ነበር። ጣታቸው የቆመችው ጥር 20 ቀን ነው። «ደህና ናት» ብዬ ስጽፍልህ ሁለት ቀን ሆኗት ነበር፤ ብነግርህ እጅህን አጣጥፈህ የምትቀመጥ መሰለኝ። እማዬም ታውቅ ነበር፤ ግን ማሸቷን አላቋረጠችም፣ የማያውቅ ሰው መስላ። ይኸው ኮምፒውተሩ በርቶ ፊደሎቹ ባዶ ያልፋሉ፣ የሚጫን የለም። ቁልፏን በአገጫቸው ሥር አደረግሁ፣ አልሆነም። በጉንጫቸው ሞከርኩ፣ አልሆነም። ያኔ በቃ ያለቀ መሰለኝ። ሦስት ብሎን፣ ሦስት ሳምንት፣ አለቀ።

እማዬ ተነሳችና ቁልፏን ከእጄ ወሰደች። አጠበቻት፣ በንጹሕ ላስቲክ ጠቀለለቻት። «አርባ ዓመት ሙሉ ብሎን በጥርሳቸው ይዘው የኖሩ ሰው ናቸው። ጣት ጣት ስትሉ የከረማችሁት ምን ነካችሁ?» አለችና በጥርሳቸው መሃል አኖረቻት። በፊትም እንዲሁ ነበር እኮ ብሎን የምታቀብላቸው፤ ያኔ እጃቸው ሲሞላ።

ነከሱ። ኮምፒውተሩ «አ» አለ።

ወንድምዬ፣ ድምፃቸው ነው። ያቺው ሻካራዋ። እማዬ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ለሚቀጥለው ፊደል የደረሱት ብዙ ቆይተው ነው፤ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ፈጀባቸው። እኔ ወረቀት ይዤ ፊደል በፊደል ጻፍኩ፤ ይኸው ያሉትን አንድም ሳላስቀር፦

«አንዳንዴ ይተርፋል።»

የብሎኑን ነገር ነው። ቁም ሣጥኑን ያስፈቱህ ሰውዬ! እማዬ እስክትቆጣኝ ድረስ ሳቅሁ። ከዚያ እንደ ደከማቸው አይቼ ቁልፏን ላወጣት ስል ጥርሳቸውን ገጠሙብኝ። ሌላ አላቸው። ፊደል ሳስቆጥራቸው ዲቃላ ፊደሎቹን ዘልዬ ስለነበር «ቋ» የላቸውም፤ ፈልገው ፈልገው «ቁ» እና «ዋ» ብለው አለፉ። ግድ የለም፣ ተረድተኸዋል፦

«ቁዋጠሮው የኔ ነው።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ዓይናቸውን ተከትዬ ሳይ ገመዶቹን ነው የሚያዩት። ያንን ጥፍሬን የሰበረውን ቋጠሮ፤ ከመጋዝ ቤት ጣውላ ሲጭኑ የሚያስሩበት፣ ማንም የማያውቀው፣ ላንተ ብቻ ያስተማሩህ። ካርቶኑን ከከፈትኩባት ደቂቃ ጀምረው ያውቁ ነበር ማለት ነው። «ከሆስፒታል ነው» እያልን ስንዋሻቸው፣ ዝም ብለው ሰምተውናል። አውቀውም ጣታቸውን ከቁልፏ ላይ አላነሱም። ሦስት፣ ሦስት እያሉ ያቺን ጣት የጨረሱት ኮምፒውተሩ እንዲበራ ነው፤ ያንተ ኮምፒውተር እንዲበራ። ፎቶውን አላወረድኩትም።

ከዚያ ያንተን ነገሩኝ። ይህን ደብዳቤ ለሾፌሩ ሳቀብለው የመመለሻ ቦታ እንዲይዝልህ ነግሬዋለሁ፤ አለቃህ ድንጋዩን ራሱ ይመዝን። ቃሉን ግን እስክትመጣ ላቆየው አልቻልኩም። ቀስ ብለው፣ በየፊደሉ እያረፉ፣ አንድም ሳይሳሳቱ ነው ያሉት። በገዛ ድምፃቸው፦

«ከልጄ እጅ ሥራ ወጣ።»

እህትህ